የዶክተር ሰይፈ ሁለት ቆጣሪዎች

የዶክተር ሰይፈን መሞት የነገረኝ የስልኬ መልእክት መቀበያ ነው። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁልፉን ተጫንኩት፤ የባለቤቱ የወይዘሮ ሶስና ድምፅ ወጣ። «ሰናይት፣ ዶክተር አርፏል። ልቡ ነው፤ ድንገት ነው። ስትገቢ ኮል አድርጊልኝ፤ የማስቸግርሽ ነገርም አለ።» አላለቀስኩም። ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን እያሸሁ፣ ደግሞ ምን ቁጠሪልኝ ሊሉኝ ይሆን ብዬ ነው ያሰብኩት።

በሕይወት ሳለ «እርስዎ» ነበር የምለው። ሲገባ ብድግ እል ነበር፣ ኮቱን ተቀብዬ እሰቅልለት ነበር። አሁን ግን «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ዘግይቶ የመጣ ንቀት ነው፤ ቢሆንም ንቀት ነው።

መልሼ ስደውል ወይዘሮ ሶስና የፈለጉት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ በመታሰቢያው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍላቸው። «ሥራውን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አብረሽው የለፋሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ሁለተኛው፣ ካስትሮ ቫሊ ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የተከመሩትን ካርቶኖች እንዳነሣላቸው። «ፕሊስ የኔ ልጅ፣ ለቅሶ ደራሹ መቀመጫ አጣ፤ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ልደረድር ነው።» ሁለቱንም እሺ አልኩ። እሺ ማለት እሱ ዘንድ ስሠራ የለመደብኝ ነገር ነው።

ዶክተር ሰይፈን ያወቅሁት በዲቪ በመጣሁ በስድስተኛው ወር ነው። ኦክላንድ ውስጥ፣ ከቴሌግራፍ መንገድ ገባ ብላ ባለች ጠባብ አፓርታማ ከእትዬ አስካለ ጋር እኖር ነበር። እትዬ አስካለ ዘመዴ አይደሉም። ቸርች ውስጥ አግኝተውኝ፣ ሻንጣዬን ከማላውቃቸው ሰዎች ሳሎን አንሥተው «ነይ፣ አልጋ አለ» ያሉኝ ሴት ናቸው። ሳን ሆዜ በሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ቦርድ፣ ማለት የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ በኬሚካል ያጥባሉ። ጎሕ ሳይቀድ ሦስት ሴቶች በአንድ መኪና ሆነው ይሄዳሉ፤ ማታ ጣቶቻቸው ነጭ ሆነው፣ ቆዳቸው ተሰነጣጥቆ ይመለሳሉ። አንድ እሑድ በቸርቹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንግሊዝኛ የምታነብና ትዕግሥት ያላት ረዳት ለጥናት ማዕከል ትፈለጋለች የሚል ወረቀት አይተው፣ ገንጥለው አመጡልኝ። «ትዕግሥት የሚለው አንቺን አይመለከትም፤ ግን ሞክሪ» አሉኝ።

ማዕከል የተባለው ኤመሪቪል ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የወረቀት መፍጪያ ማሽንና አሥራ አራት ካርቶን ነበር። በሩ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፏል። ከሰሌዳው በስተቀር ትልቅ ነገር አልነበራትም። ዶክተር ሰይፈ በአንድ ኮሌጅ በትርፍ ሰዓት አካውንቲንግ ያስተምር ነበር፤ ሰው ሲያስተዋውቀኝ ግን «የማዕከሉ ሠራተኞች» ነበር የሚለው። ሠራተኞቹ እኔ ነበርኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየዓመቱ አንድ አዲስ መጽሐፍ ማሳተም ጀምረው ነበር። ሽፋኑ ላይ ወንዝ፣ ወይም ወፍ፣ ወይም የሚስቅ ሕፃን ይኖራል። ውስጡ ኩባንያው ምድሩን፣ ውሃውንና ሠራተኛውን እንዴት እንደያዘ ይተርካል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ራሳቸው ስለራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ያሳትሙታል። ታዲያ ምሁራኑ ይህን እንለካው አሉ። የዶክተር ሰይፈ መለኪያ ዓረፍተ ነገር መቁጠር ነበር። ስለ አካባቢ ወይም ስለ ሠራተኛ ጤና የሚያወራ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ነጥብ ያገኛል። ብዙ ነጥብ ያለው ኩባንያ ብዙ ተጠያቂነት አለው ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንድ ነገር ገርሞኝ ጠየቅሁት።

«ዶክተር፣ ይሄ ኩባንያ ‹ወንዝ አጸዳሁ› ብሎ አንድ አገኘ። ያኛው ደግሞ ‹ወንዙ ውስጥ ዘይት ፈሰሰብኝ› ብሎ አንድ አገኘ። እኩል ናቸው?»

መነጽሩን በሁለት ጣቱ አወለቀ። ያን ሲያደርግ ትልቅ ነገር ሊናገር እንደሆነ ማወቅ ነበረብን፤ እኔና ካርቶኖቹ።

«ሰናይት፣ እኛ አንፈርድም። እንቆጥራለን።»

ይህቺን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔ ቆጣሪዋ እንኳ አላውቀውም። ስልክ ላይ ይላታል፣ ደረጃ ላይ ይላታል፣ ሳንድዊቹን እየገመጠ ይላታል። አንዴ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ምን እንደሚታይ ስነግረው አላት። ከመስኮቱ ማዶ በሽቦ የታጠረ ባዶ መሬት ነበር፤ የድሮ ፋብሪካ ቦታ ነው። ነጭ ሙሉ ልብስና ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች አፈሩን እየቆፈሩ በሸራ በተሸፈነ መኪና ያወጡታል። አጥሩ ላይ አደገኛ ነው የሚል ቢጫ ምልክት አለ። «ዶክተር፣ እኛ የምንቆጥረው እኮ ይሄ ነው፤ ኑ እዩት» አልኩት። ከወንበሩ አልተነሣም። «ኢት ኢዝ ኖት ኢን አወር ሳምፕል» አለ፤ ከምናጠናቸው ውስጥ የለም ማለቱ ነው። ከዚያ ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ ያንጸባርቃል ብሎ መጋረጃውን አስዘጋኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመብራት ነው የሠራነው። ስለ ምድር አሥራ አምስት ዓመት ያጠና ሰው ጫማው ጭቃ ነክቶ አያውቅም። ፋብሪካ በር ድረስ እንኳ ሄዶ አያውቅም። ገጽ ሲገልጥ አውራ ጣቱን በምላሱ ያረጥባል፤ ከተፈጥሮ ጋር የነበረው ግንኙነት ያቺ ምራቅ ብቻ ነበረች።

አሁን ደግሞ ስለ ሁለቱ ቆጣሪዎች ልንገራችሁ።

በነሱ የጥናት ደንብ አንድ ሰው ብቻ ቢቆጥር አይታመንም። ሁለት ሰዎች፣ ሳይነጋገሩ፣ ያንኑ ሪፖርት ለየብቻ መቁጠር አለባቸው። ከዚያ ቁጥራቸው ይመሳከራል፤ ከተቀራረበ ጥናቱ አስተማማኝ ነው ይባላል። ማዕከሉ ግን አንድ ቆጣሪ ብቻ ነበረው። ዶክተር ሰይፈ ምን አደረገ? እያንዳንዱን ሪፖርት ሁለት ሁለት ኮፒ አስነሣኝ። ጠዋት በቀይ እርሳስ እቆጥራለሁ፤ ከምሳ በኋላ በሰማያዊ እርሳስ እቆጥራለሁ። ጠዋት «ቆጣሪ ሀ» ነኝ፤ ከሰዓት «ቆጣሪ ለ»። ቀዩ ኮፒ የእሱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ሰማያዊው ከጠረጴዛው ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ። መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሻል? በመሃል ምሳ በልተሻል። ፍሬሽ አይን ነው» አለኝ።

እንደምትገምቱት ቆጣሪ ሀ እና ቆጣሪ ለ በጣም ይግባቡ ነበር። ስምምነታቸው ሲሰላ ዶክተር ሰይፈ ደስታውን መያዝ አቃተው፤ እንዲህ ያለ መናበብ በሙያው ያልተለመደ ነው አለኝ። ጽሑፉ ሲታተም ግርጌው ላይ ሁለት ነጻ ረዳቶችን አመሰግናለሁ የሚል መስመር ነበረበት። ያን ገጽ ለእትዬ አስካለ ሳሳያቸው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። «እና ሁለተኛዋ ደመወዟን ማን በላባት?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማታ ስገባ «ዛሬ ማንኛችሁ ናችሁ የመጣችሁት፣ ቀይዋ ናት ሰማያዊዋ?» ይሉኝ ነበር። እራት እየበላን ስለ ነጥቡ አሠራር ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ሥራዬን ከኔ ይልቅ እሳቸው ይከታተሉት ነበር።

እኔ ግን ሦስት ወር ያህል ከቆጠርኩ በኋላ ማንበብ አቆምኩ። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ወረቀት ላይ ነው፣ አላነብም። ነጥብ ታየኛለች፣ እርሳሴ አጠገቧ አንዲት አጭር መስመር ያሰምራል፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ውለታ አለብኝ፤ ሳልወድ እጽፈዋለሁ። መኪና መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ትልቅ መደብር ፊት ለፊት ያለ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ይወስደኝና፣ አጠገቤ ተቀምጦ በሁለት እጁ ወንበሩን ጨብጦ «ፍሬን! ፍሬን! ኧረ በእመብርሃን ፍሬን!» እያለ ይጮሃል። አንድም ቀን አልሰደበኝም። ፈተናውን ያለፍኩ ቀን ከኔ በላይ ደስ ብሎት ለወይዘሮ ሶስና ደውሎ «ሰናይት አለፈች!» ሲል ሰምቼዋለሁ። እንዲያ ያለ ሰው ነው እንዲያ ያለውን ነገር ያደረገው። ለዚህ ነው የማልረሳው፤ ሙሉ በሙሉ ክፉ ቢሆን ኖሮ ድሮ ረስቼው ነበር።

አንድ የጸደይ ወቅት ከሳን ሆዜ አንድ ትልቅ ፖስታ መጣ። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ የዓመቱን ሪፖርት ከማሳተሙ በፊት ረቂቁን ለዶክተር ሰይፈ ልኮለት ነው። ይህ ለእሱ ሠርግ ነበር። ዱሮ እሱ ነበር እየለመነ የሚያስልካቸው፤ አሁን ረቂቅ እዩልን ተባለ። በዚያ ላይ የሙያ ማኅበራቸው የዓመቱን ምርጥ ሪፖርት ሊሸልም ነው፤ ነጥቡን የሚሰጠው ማዕከሉ ነው። ዶክተር ሰይፈ በዚያ መድረክ ከታየ በኋላ ኮሌጁ ቋሚ መምህር ያደርገኛል ብሎ ተስፋ አድርጓል። እኔም እንደ ደንቡ ረቂቁን በቀይና በሰማያዊ ቆጠርኩት። አንደኛ ወጣ።

በሳምንቱ የኩባንያው የሪፖርት ክፍል ኃላፊ በስልክ ደወለ። ዶክተር ሰይፈ ድምፁን ክፍሉ እንዲሰማው አድርጎ ነበር የሚያወራው። ሰውየው ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ያለችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጠበቆቻችን ትውጣ ብለዋል፣ ነጥባችን ይቀንሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ዶክተር ሰይፈ አውራ ጣቱን አርጥቦ ገጹን ገለጠ። አንዲት ነጥብ ትቀንሳላችሁ አለው። ሰውየው ሳቀና፣ በሷ ቦታ ሌላ ብናስገባስ አለ። «እሱማ የናንተ ጉዳይ ነው፤ እኛ አንፈርድም» አለው ዶክተር ሰይፈ። ሰውየው እዚያው በስልክ አዲሷን አነበበለት፦ የሠራተኞቻችን ጤና ከሁሉ በፊት የሚያሳስበን ጉዳይ ነው። እኔም በቀዩ ኮፒ ላይ የድሮዋን ነጥብ በላጲስ አጠፋሁ፣ ዓረፍተ ነገሯን ሰረዝኩ፣ አዲሷን ከጎን ጻፍኩና አሰመርኩ። አንድ ወጣ፣ አንድ ገባ፤ ድምሩ አልተነቃነቀም። የወጣችው ዓረፍተ ነገር የምትለው፣ በሳን ሆዜው ፋብሪካችን የማጠቢያ ክፍሉ አየር ማውጫ ለአሥራ አንድ ቀን ቆሞ ነበር፤ ተጠግኗል ነው።

እኔ የጠፋችውን አላነበብኳትም። አጠፋኋት ብቻ።

ያን ሰሞን እትዬ አስካለ ሕመማቸው ብሶ ነበር። ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከሁሉም በላይ ማሽተት አቁመዋል። አፍንጫቸው ምንም አይለይም። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቤቱ በጋዝ ታፍኗል። ምድጃው ሳይለኮስ ተከፍቶ እትዬ አስካለ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያነባሉ። ሮጬ ዘጋሁት፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ እጃቸውን ይዤ ወደ ኮሪደር አወጣኋቸው። «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» ነው ያሉኝ። ስነግራቸው አላመኑኝም። ከዚያ መዳፋቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ልጅ ደጋግመው አሸተቱ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ፋብሪካው ወደ ማሸጊያ ክፍል እንዲያዛውራቸውና ሕክምናቸውን እንዲችል አመለከቱ። ኩባንያው አለርጂ ነው አላቸው። ጉዳዩ ሂሪንግ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ መሰማት፣ ላይ ደረሰ። ከዚያ በፊት የኩባንያው ጠበቃ የላከውን ደብዳቤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እየተረጎምኩላቸው ነበር። ደብዳቤው የማጠቢያ ክፍሉ አየር ማውጫ በተባለው ጊዜ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም ይላል።

«ቆሟል!» አሉ እትዬ አስካለ። «ማራገቢያው ዝም ብሎ ነበር። እኛ ጨርቅ አፋችን ላይ አስረን ነው የሠራነው። ሁለቱን ሴቶች መስክሩልኝ ብላቸው ሥራችንን እናጣለን አሉኝ።»

እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። የኩባንያው ስም ደብዳቤው ራስ ላይ አለ፤ ረቂቁን የላከልን ኩባንያ ነው። ያጠፋኋት ዓረፍተ ነገር ያን ጊዜ፣ እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነበበችልኝ። «እትዬ፣ ተጽፎ አይቼዋለሁ! ራሳቸው ጽፈውታል! አሥራ አንድ ቀን ይላል!» አልኳቸው። አቀፉኝ። ጌታ በኔ አማካይነት እንደሠራ ነገሩኝ።

በማግስቱ ለዶክተር ሰይፈ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። መነጽሩን በሁለት ጣቱ አወለቀ። ረቂቅ ምስጢር ነው፣ ኮንፊደንሻል ነው፣ በአደራ የተሰጠን ነው አለ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ቀዩን ኮፒ አወጣና ሰጠኝ። «መጀመሪያውኑ መያዝ አልነበረብንም። ሽሬድ አድርጊው።» ቆምኩ። «ሰናይት፣ የእህትሽ ደብዳቤ ነገ ይደርሳል» አለኝ ለስለስ ብሎ። ታናሽ እህቴን ለማስመጣት የጀመርኩት ፕሮሰስ የአሠሪዬ ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር። መፍጪያ ማሽኑ ውስጥ ገጽ በገጽ አስገባሁት። አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ዘገየ፤ ግን አስገባሁት።

ቅዳሜ እትዬ አስካለ ራሳቸው መጡ። እኔ ምንም ስላልነገርኳቸው የተሳካ መስሏቸዋል። የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በነጻው የሸትል አውቶቡስ ኤመሪቪል ደርሰው፣ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው በሩን አንኳኩ። ዶክተር ሰይፈ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ሥነ ሥርዓት ላይ አይታማም ነበር።

«ዶክተር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። እኔ ባወራ ያቺ አሮጊት ቀባጠረች ነው የሚሉኝ። ማራገቢያው ቆሞ ነበር የሚለውን ወረቀት ቢሰጡኝ፣ ወይ አንድ ቃል ቢጽፉልኝ» አሉት።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ ማራገቢያውን አላየሁትም።»

«ወረቀቱን አይተውታል አለችኝ እኮ።»

«እኛ የምንሠራው በታተመው ላይ ነው። የታተመው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ረቂቁ ደግሞ ሽሬድ ተደርጓል።» ወደኔ ዞረ። «አይደለም፣ ሰናይት?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ዶክተር ሰይፈ አልዋሸም፤ በእሱ እምነት ረቂቁ አልቆለታል። ሰማያዊውን ኮፒ ፈጽሞ አላስታወሰውም። እንዴት ያስታውሰው? ቆጣሪ ለ የምትባል ሴት አልነበረችም፤ ያልነበረች ሴት የያዘችው ወረቀት ማን ትዝ ይለዋል? ራሱ የፈጠራትን ሰው ራሱ ረሳት። ሰማያዊው ኮፒ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሳትጠፋበት፣ እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ወንበር ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ካርቶን ውስጥ ነበር። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያለበትን አውቃለሁ።

«አዎ፣ ሽሬድ ተደርጓል» አልኩ።

እትዬ አስካለ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። ከዚያ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ተነሡ። ደረጃው ድረስ ደግፌ ሸኘኋቸው፤ እጃቸው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነገ አወጣዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ አወጣዋለሁ እያልኩ ሂሪንጉ አለፈ። እትዬ አስካለ ተረቱ። ካርቶኖቹም ሲሞሉ ወደ ካስትሮ ቫሊ ተጋዙ።

ሽልማቱ የተሰጠው ሳን ሆዜ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ኩባንያው የመስታወት ዋንጫ ወሰደ። ዶክተር ሰይፈ አዲስ ክራባት አድርጎ ለሃያ ደቂቃ ስለ እውነተኛነት ተናገረና፣ «ማይ ቱ ኮደርስ» ብሎ ሁለቱን ቆጣሪዎች አመሰገነ። እኔ ከኋላ ቆሜ አጨበጨብኩ። ኮሌጁ ግን ቋሚ አላደረገውም፤ ያ ሁሉ ነገር ለከንቱ ነበር። በወሩ ሥራውን ለቀቅሁ። የእትዬ አስካለንም ቤት ለቅቄ ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል ገባሁ፤ ለሥራ ይቀርበኛል አልኳቸው። እውነቱ ፊታቸውን ማየት ስላልቻልኩ ነው። እሳቸው እዚያው ማጠቢያ ክፍል ሁለት ዓመት ሠርተው፣ እጃቸው ቦርድ መያዝ ሲያቅተው ቤት ዋሉ። ምድጃው ላይ ጎረቤት በትልቁ ‹ጋዝ!› ብላ የጻፈችበት ካርቶን ተለጥፎበታል።

እንግዲህ የሞተው ሰው ይህ ነው። የሕይወት ታሪኩን ጻፍኩለት። የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ ያሳተመውን፣ ለወገኑ የነበረውን ፍቅር ጻፍኩ። ሠላሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርኩት። አንዱም ውሸት አልነበረም፤ ዶክተር ሰይፈም ቢያነበው አንደኛ ያወጣው ነበር።

ለመታሰቢያው ዋዜማ ካስትሮ ቫሊ ሄጄ ካርቶኖቹን እሱ መንዳት ባስተማረው እጄ መኪናዬ ላይ ጫንኩ። ሰማያዊውን መፈለግ አላስፈለገኝም። ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ፣ ባስቀመጥኩበት ነበር። ገጽ አሥራ ሰባትን ብቻ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

መታሰቢያው ኦክላንድ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ሆነ። እትዬ አስካለ መጥተው ነበር፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ለቅሶ ነው ብለው ነው። አጠገቤ ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ የጻፍኩትን ሲያነቡ ሰዉ አለቀሰ። «ስለ ሠራተኞች ጤና ዕድሜውን ሙሉ የተመራመረ» የሚለው ላይ ሲደርሱ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሲያበቃ ቤት ላድርስዎት አልኳቸው። መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሣ ወረቀቱን አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው?»

«የማራገቢያው ወረቀት ነው፣ እትዬ።»

መነጽራቸውን ከቦርሳቸው እስኪያወጡ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። «አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። አሥራ አንድ ቀን የሚለውን ድገሚልኝ አሉ፤ ደገምኩ።

«ሽሬድ ተደርጓል አላልሽኝም?»

«ቀዩ ነው። ሰማያዊው ነበር።»

«የት?»

«እዚያው ክፍል ውስጥ። ካርቶን ውስጥ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

በመስታወቱ በኩል ከአዳራሹ የሚወጣውን ሰው ሲያዩ ቆዩ። «ፋይሉ እኮ ተዘግቷል» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ የሚንቀጠቀጠው ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ዞሮ ዞሮ ከዓረፍተ ነገሯ ጎን ያለችው አጭር ሰማያዊ መስመር ላይ አረፈ።

«ይቺስ? ያቺ ነጥብ የምትይኝ ናት?»

«አዎ። እኔ ነኝ ያሰመርኳት።»

«ስንት ሰጠሽኝ?»

«አንድ» አልኳቸው።